አርፌም ያልለቀቀኝ የተረከዝ ሕመም፦ የረጅም ርቀት ሯጮች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም የሚስተናገዱት ሦስት ጥያቄዎች ከረጅም ርቀት ሯጮች የደረሱን ሲሆኑ፣ ሦስቱም ለሳምንታትና ለወራት አልለቅ ስላለ የእግር ሕመም የሚያነሡ ናቸው። መልስ የሚሰጡት ሯጮችን በማከም ለዓመታት የሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ ረጅም ርቀት መሮጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለት ማራቶንም ጨርሻለሁ። ከስምንት ወር በፊት በቀኝ እግሬ ተረከዝ ሥር፣ ወደ ውስጥ በኩል ባለው ጠርዝ፣ ሕመም ጀመረኝ። ጧት ከአልጋ ወርጄ እግሬን መሬት ሳሳርፍ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ይወጋኛል፤ ጥቂት ስራመድ ይለዝባል። ስሮጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ካስቸገረኝ በኋላ ይተወኛል፤ ሮጬ ተቀምጬ ስነሣ ግን እንደገና ይመጣል። አንድ ወር ሙሉ ሩጫ አቁሜ ደህና የሆንኩ መስሎኝ ስመለስ በሁለተኛው ሳምንት ያው ሆነ። ራጅ ተነሥቼ ተረከዝህ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል ተባልኩ፤ አንድ መርፌም ተወግቼ ለስድስት ሳምንት ያህል ቀሎኝ ነበር። ትርፍ አጥንቱ በቀዶ ሕክምና ይውጣልኝ ወይስ ሩጫን እርም ልበል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አንድ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቅዎ የሚገባውን አብዛኛውን ነገር ሳይጠየቁ ጽፈውልናል። የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣት ሊነካ በሚችል መልኩ አመልክተዋል፤ ሕመሙ የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ጊዜ ነግረውናል፤ «ይወጋኛል» በማለትም ስሜቱን ለይተውታል። ሰው «ይወጋኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል» ወይም «ያቃጥለኛል» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እየነገረን ስለሆነ፣ እኔ ምስል ከማየቴ በፊት ይህን ቃል አጥብቄ አዳምጣለሁ። በተረከዝ ሥር ወደ ውስጥ በኩል የሚሰማ፣ በጧቱ የመጀመሪያ እርምጃና ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚወጋ፣ ሲራመዱ ግን የሚለዝብ ሕመም በአብዛኛው የፕላንታር ፋሺያ ሕመም ነው።

ፕላንታር ፋሺያ የሚባለው ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራም የጅማት ንጣፍ ነው። በእጅዎ ሊያገኙት ይችላሉ። ተቀምጠው የታመመውን እግር በሌላው ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉና የእግርዎን አውራ ጣት ወደ ቅልጥምዎ አቅጣጫ ይሳቡት፤ በሌላው እጅዎ የእግርዎን ቅስት ሲዳስሱ እንደ ተወጠረ ገመድ የቆመ ነገር ያገኛሉ። ያንን ገመድ ተከትለው ወደ ተረከዝ ሲሄዱ፣ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት በውስጠኛው ጠርዝ ላይ፣ ሲጫኑት ፊትዎን የሚያስጨማድድ ነጥብ ካለ ጧት የሚወጋዎት እሱ ነው። ይህ ገመድ በየእርምጃው የሚሠራው ሥራ አለ፤ ተረከዝዎ ከመሬት ሲነሣና ጣቶችዎ ሲታጠፉ እየተወጠረ ቅስቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ልል የነበረውም እግር ሰውነትን ወደ ፊት ለመግፋት የሚበቃ ጥንካሬ ያገኛል። ሌሊት ግን እግር ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለሚያድር ገመዱ ላልቶ ይቆይና፣ ጧት የሰውነት ክብደት ሁሉ በድንገት ሲያርፍበት ያ ወጊ ስሜት ይመጣል።

ስለ ትርፍ አጥንቱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሯጮችን ከሚገባው በላይ ሲያስጨንቅ የማየው ጉዳይ ነውና። በራጅ ፊልም ላይ ሹል ሆኖ ስለሚታይ፣ ያየው ሰው ሁሉ በየእርምጃው ሥጋውን ከውስጥ የሚወጋው እሱ ይመስለዋል። ይሁንና ሹሉ የሚያመለክተው ወደ ጣቶቹ እንጂ ወደ መሬት አይደለም። ተረከዛቸውን አሟቸው የማያውቁ በርካታ ሰዎች ራጅ ቢነሡ ይኸው አጥንት ይገኝባቸዋል፤ ተረከዛቸው ክፉኛ ከሚያማቸው መካከል ደግሞ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው። ሕመሙ ጠፍቶ ሰውየው እንደ ቀድሞው ሲሮጥም አጥንቱ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ አጥንቱን ለማውጣት ብለው ወደ ቀዶ ሕክምና እንዲሄዱ አልመክርዎትም። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ተገቢውን ሕክምና ለረጅም ወራት በትክክል ተከታትለው ምንም ለውጥ ላላገኙ ጥቂት ሰዎች ሲሆን፣ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት እርስዎ ያንን ሕክምና ገና አልጀመሩትም።

አንድ ወር አርፈው ለምን ተመለሰብዎት ለሚለው፣ ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። በደቂቃ 170 ጊዜ የሚረግጥ ሯጭ እያንዳንዱ እግሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ 5,100 ጊዜ መሬት ያገኛል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ እግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ጅማት ይህን ሁሉ የሚችለው ቀስ በቀስ ስለሚለምደው ነው። ሙሉ ዕረፍት ሕመሙን ጸጥ ሲያሰኘው፣ በዚያው መጠን ጅማቱ የለመደውን ጫና የመሸከም አቅሙን ይቀንስበታል። እርስዎ ከወሩ ዕረፍት በኋላ በምን ያህል ርቀት እንደጀመሩ አልጻፉልኝም፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ ግን ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ካቆሙበት ርቀት ነው የሚቀጥሉት፤ በሁለተኛው ሳምንት ማገርሸቱም ከዚህ የተነሣ ነው።

መርፌውም ቢሆን ለስድስት ሳምንት ብቻ ማገልገሉ የሚጠበቅ ነው። ለወራት የቆየ የፋሺያ ሕመም፣ እንደ አዲስ ጉዳት በብግነት የሚቃጠል ሳይሆን፣ የጅማቱ ክሮች ተጎሳቁለው ጥገናው ወደ ኋላ የቀረበት ሁኔታ ነው። የኮርቲዞን መርፌ ሕመሙን ለሳምንታት ያስታግሳል፤ የጅማቱን ጥንካሬ ግን አይመልስም። ሲደጋገም ጅማቱ የመበጠስ፣ በተረከዝ ሥር ያለውም የስብ ትራስ የመሳሳት አደጋ ስላለው፣ ሁለተኛ መርፌ ቢቀርብልዎ በተለይ ከውድድር በፊት ሮጬ እንድጨርስ ብለው አይቀበሉት።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ጧት እግርዎ መሬት ከመንካቱ በፊት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀደም ሲል በገለጽኩት መንገድ የታመመውን እግር በጉልበትዎ ላይ አሳርፈው ጣቶቹን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ፤ ገመዱ መወጠሩን በሌላው እጅዎ እያረጋገጡ እስከ አሥር ይቁጠሩና ይልቀቁ። ይህን አሥር ጊዜ ይድገሙት። በቀን ሦስት ጊዜ ሲሆን፣ ከሁሉም የሚበልጠው የጧቱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ከመነሣትዎ በፊት ማድረጉም ይረዳል።

ሁለተኛው ልምምድ ከበድ ይላል፤ በእኔ ግምት ግን ሯጭን ወደ ሩጫው የሚመልሰው እሱ ነው። የደረጃ ጠርዝ ይፈልጉና ፎጣ ጠቅልለው ከእግር ጣቶችዎ ሥር ያድርጉት፤ ፎጣው ጣቶቹን ወደ ላይ ስለሚያጥፋቸው ፋሺያው እንደተወጠረ ይሠራል። ግድግዳ ወይም የደረጃውን መደገፊያ ለሚዛን ያህል ይዘው በታመመው እግር ብቻ ይቁሙ። ተረከዝዎን በሦስት ሰከንድ ወደ ላይ ያንሡት፣ እላይ እንዳሉ ለሁለት ሰከንድ ይቆዩ፣ በሦስት ሰከንድ ደግሞ ቀስ ብለው ዝቅ ያድርጉት። አሥራ ሁለት ጊዜ ሠርተው ይረፉና እንደገና፤ በጠቅላላው ሦስት ዙር። በአንድ እግር ካልቻሉ በሁለቱ ይጀምሩ። ልምምዱ በየሁለት ቀኑ እንጂ በየቀኑ አይደለም፤ ጅማት ከሸክሙ በኋላ የሚያገግምበት ጊዜ ይፈልጋልና። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጀርባ ቦርሳ ውስጥ መጻሕፍት ጨምረው አዝለው አሥር አሥር ጊዜ በአራት ዙር፣ ከዚያም ከሌላ ሁለት ሳምንት በኋላ ክብደቱን ጨምረው ስምንት ስምንት ጊዜ በአምስት ዙር ይሥሩ። ይህ ልምምድ ከማሳሳብ ጋር ሲወዳደር በሦስተኛው ወር የተሻለ ውጤት ታይቶበታል፤ በዓመቱ ግን ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ጥቅሙ ጊዜን በማሳጠር ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ለውጥ ባያዩ እንዳያቆሙት አደራ እላለሁ፤ ልምምዱን አቋርጠው የሚመለሱ ሯጮች አብዛኛውን ጊዜ የተውት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ጅማቱ ገና መጠንከር መጀመሩ ነው።

ሩጫውን ሙሉ በሙሉ ማቆም አያስፈልግዎትም። ሳምንታዊ ርቀትዎን በግማሽ ቀንሰው አንድ ቀን እየዘለሉ ይሩጡ፤ ዳገትና የፍጥነት ልምምድ ለስድስት ሳምንት ያህል ይቅርብዎት፤ ሁለቱም ባትንና ፋሺያን አጥብቀው ስለሚስቡ። ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አሥር ይመዝኑት፤ ዜሮ ምንም አለመኖሩን፣ አሥር የማይቻል ሕመምን ያመለክታል። እየሮጡ ከሦስት ካልበለጠና በማግሥቱ ጧት የመጀመሪያው እርምጃ ከትናንቱ ካልባሰ፣ የሮጡት መጠን እግርዎ የቻለው ነው። በማግሥቱ ከባሰ ግን፣ ሲሮጡ ምንም ባይሰማዎትም፣ በዝቶብዎታል ማለት ነው። የጧቷን የመጀመሪያ እርምጃ በየቀኑ በቁጥር መዝግበው ቢይዙ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲያዩት አቅጣጫውን ያሳይዎታል፤ ከቀን ወደ ቀን ሲያዩት ግን ከፍ ዝቅ ማለቱ ያደናግራል። በማይሮጡባቸው ቀናት ብስክሌት ወይም ዋና ልብና ሳንባዎን ያቆይልዎታል።

ጫማን በተመለከተ፣ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የተሮጠበት ጫማ ትራሱ እየደከመ ስለሚሄድ የጫማዎን ዕድሜ ያስሉት። ሕመሙ እስኪቀልልዎ ድረስ ቤት ውስጥም ቢሆን በጠንካራ ወለል ላይ ባዶ እግርዎን አይሂዱ። በጫማ ውስጥ የሚገባ የቅስት ደጋፊና የስፖርት ፕላስተር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሳርፋሉ፤ በልክ የሚሠራው ደጋፊ ዝግጁ ሆኖ ከሚሸጠው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ስላልተገኘ ብዙ ገንዘብ እንዲያወጡበት አልገፋፋዎትም።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። ተረከዝዎን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍ ጨብጠው ሲጫኑት ክፉኛ ካመመዎት ጉዳቱ በአጥንቱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ውስጥ እግርዎን የሚያደነዝዝ ወይም የሚነዝር ከሆነ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ተረከዞች ታመው ጧት የሰውነት መተሳሰር ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ፣ ሌሊትም ወገብ እያመመ የሚቀሰቅስ ከሆነ የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ መመርመር አለበት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ የእርስዎ ዓይነት ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ስለሚሻላቸው ሩጫን እርም የሚሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ሴት ሯጭ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ሳምንታዊ ርቀቴን ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በአምስት ሳምንት ውስጥ አሳደግሁ። አሁን በግራ እግሬ የላይኛው ገጽ፣ ከቁርጭምጭሚቴ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ፣ እየሮጥኩ በሄድኩ መጠን የሚብስ ሕመም አለኝ፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ተኝቼም ይጠዘጥዘኛል። ራጅ ተነሥቼ አጥንትሽ ደህና ነው ተባልኩ። ከልምምድ በፊት አይቡፕሮፌን ስወስድ መሮጥ እችላለሁ። ከአራት ሳምንት በኋላ ውድድር አለኝ። ሌላው፣ የወር አበባዬ ከቆመ አምስት ወር ሆኖታል፤ ጓደኞቼ ጠንክራ በምትሠራ ሯጭ ላይ ያለ ነገር ነው ይሉኛል። ልቀጥል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይቀጥሉ። ይህን ከዛሬ ጀምሮ እንዲያደርጉት የምለምንዎ ከመሆኑም በላይ፣ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ በዚያ እግር ላይ ክብደትዎን ባያሳርፉ፣ በክራንች ቢሄዱ እመርጣለሁ።

ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ የገለጽኩት ሕመም ሰውነት ሲሞቅ የሚለዝብ ነው። የእርስዎ ተቃራኒ ነው፤ በሮጡ ቁጥር ይብሳል፣ ሲተኙም አይተውም፣ «ይጠዘጥዘኛል» የሚለው ቃልዎም ከአጥንት የሚመጣን ሕመም የሚመስል ነው። አጥንት በሕይወታችን ሙሉ እየፈረሰ የሚታደስ ሕያው አካል ነው። ሩጫ በየጊዜው ጥቃቅን ጉዳት ያደርስበታል፤ አጥንቱም ያንን እየጠገነ ይጠነክራል። ርቀቱ በአምስት ሳምንት ውስጥ በሁለት ሦስተኛ ያህል ሲጨምር ግን ጥገናው ጉዳቱን አይደርስበትም፤ ጥቃቅኑ ጉዳት ተጠራቅሞ ስንጥቅ ይሆናል። ሯጮች ስትረስ ፍራክቸር የሚሉት ይህንን ነው።

ራጁ ደህና መሆኑ አያጽናናዎት። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም፤ አንዳንዱም ጨርሶ ሳይታይ ይድናል። የሚያሳየው ኤምአርአይ የተባለው በመግነጢስ የሚነሣ ምስል ነው። ቦታው በጣም ያሳስበኛል። ወደ ጣቶች የሚሄዱት ሁለተኛውና ሦስተኛው ረጃጅም አጥንቶች ሲሰነጠቁ በአብዛኛው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ። እርስዎ ባመለከቱት ቦታ ያለው፣ በእግር መሃል ላይ የሚገኘው ናቪኩላር የሚባል አጥንት ግን በመካከሉ የሚደርሰው የደም አቅርቦት አነስተኛ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ሕክምናው እግሩን በጄሶ ወይም በቡት አስሮ ለስድስት ሳምንት ያህል ፈጽሞ ሳይረግጡ መቆየት ነው፤ ችላ ከተባለና ስንጥቁ ወደ ሙሉ ስብራት ከሄደ በብሎን ማሰር ሊያስፈልግ ይችላል። ሐኪምዎ ዘንድ ሲሄዱ «እግሬን ያመኛል» ብቻ አይበሉ፤ የሚያምዎትን ነጥብ በአንድ ጣት ያሳዩ፤ ራጁ ከታመሙ በስንተኛው ሳምንት እንደተነሣ ይንገሩ፤ የናቪኩላር ስንጥቅ እንዳይሆን መጠርጠርዎን በግልጽ ተናግረው ኤምአርአይ ይጠይቁ። በአንድ እግር እየዘለሉ ራስዎን መፈተን ግን አያስፈልግም።

አይቡፕሮፌኑን ከሩጫ በፊት መውሰድ ዛሬውኑ ያቁሙ። ሰውነትዎ እንዲያቆሙ የሚነግርበትን ብቸኛ ምልክት ዝም ያሰኘዋል፤ በዚያ ላይ ላብ በሚያሟጥጥ ረጅም ሩጫ ወቅት ሲወሰድ ኩላሊትንና ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ከእግርዎም በላይ ወዳሳሰበኝ ጉዳይ ልምጣ። የወር አበባ ለአምስት ወር መቆም የጠንካራ ሯጭ ምልክት ሆኖ መወሰዱ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ይህ አባባል ስንት ወጣት ሴቶችን ከሩጫ እንዳስወጣ በሥራዬ አይቻለሁ። አንዲት ሯጭ የምትመገበው ኃይል ልምምዷ የሚያቃጥለውን ካልሸፈነላት፣ ሰውነቷ በሕይወት ለመቆየት የማያስፈልገውን ሥራ ያቆማል፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱም የወር አበባ ነው። ከእሱ ጋር ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፤ ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፤ የተሰነጠቀ አጥንትም ለመዳን ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ የኃይል እጥረት ሁኔታ ስምና መመሪያ ሲሰጠው ወንዶችንም ጨምሮ ነበር፤ በእነሱ ላይ የወር አበባን የመሰለ ግልጽ ምልክት ስለሌለ ሳይታወቅ ይቆያል እንጂ የሚጎዳው አጥንት ያው ነው።

ስለዚህ ኤምአርአዩን ሲጠይቁ የወር አበባውን ጉዳይ አብረው ያንሡ። ሐኪሙ እርግዝና አለመኖሩን፣ የታይሮይድና የሌሎች ሆርሞኖችን ሁኔታ፣ የብረትና የቫይታሚን ዲ መጠንን፣ እንደ አስፈላጊነቱም የአጥንት ጥግግትን ያስመረምራል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን ተሰጥቶዎት ደም ቢታይ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም፤ ክኒኑ የሚያመጣው ደም የምግቡን ጉድለት አይሞላም። የሚፈታው ምግብን በመጨመርና ልምምድን በመቀነስ ሲሆን፣ በስፖርት ሥነ ምግብ የሠለጠነ ባለሙያ ቢያገኙ መልካም ነው። በሕክምናው ወቅት ከወትሮው ያነሰ ልመገብ ብለው እንዳያስቡ፤ አጥንት የሚጠገነው በሚበሉት ነው።

ወደ ሩጫ የሚመለሱት ሐኪሙ ሲፈቅድና ያለ ምንም ሕመም በፍጥነት መራመድ ሲችሉ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ፣ እግር ወለል በማይነካበት ጥልቅ ውኃ ውስጥ መሮጥ ይቻላል። ሲጀምሩም አንድ ደቂቃ ሮጠው ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ፣ በየሁለት ቀኑ፣ ከሃያ ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን። ለአጥንት ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር የሚለው መመዘኛ አይሠራም፤ እዚህ የሚፈቀደው ዜሮ ብቻ ነው። የአራት ሳምንቱ ውድድር እንደሚያመልጥዎ አውቃለሁ፤ ለእሱ የደከሙበትን ጊዜም አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን ስድስት ሳምንት በክራንች መሄድና ዓመት ሙሉ ከሩጫ ውጭ መሆን እጅግ ይለያያሉ፤ ሁለቱን የሚለያቸውም ከዛሬ እስከ ምርመራው ቀን የሚያደርጉት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አሥር ኪሎ ሜትር አካባቢ ስደርስ በቀኝ እግሬ ሦስተኛና አራተኛ ጣቶች መካከል ያቃጥለኛል፤ ካልሲዬ ተጠቅልሎ ከጣቶቼ ሥር የገባ ይመስለኛል፤ ከዚያ ሁለቱ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ቆሜ ጫማዬን ሳወልቅና እግሬን ሳሸው ይለቀኛል። ሁለት ጊዜ ጫማ ቀይሬ አልተለወጠም። ምን ይሆን?

መልስ፦ ጫማ ሲያወልቁ መልቀቁ ብዙ ነገር ይነግረናል። በእነዚያ ሁለት ጣቶች መካከል የሚያልፈው ነርቭ በአጥንቶቹ መካከል ሲጨመቅ ይወፍራል፤ ሞርተን ኒውሮማ ይባላል፤ ማቃጠል፣ መደንዘዝና የተጠቀለለ ካልሲ የረገጡ መምሰል የታወቁ ምልክቶቹ ናቸው። ስሙ ዕጢ ቢመስልም ካንሰር አይደለም።

ጫማ ሁለት ጊዜ ቀይረው ያልተለወጠው ስፋቱ ስላልተለወጠ ይሆናል። ብዙ ሰው ጫማ ሲለካ ርዝመቱን እንጂ ስፋቱን አያይም። ይህን ይሞክሩ፤ ከጫማዎ ውስጥ ያለውን ንጣፍ አውጥተው ወለል ላይ ያድርጉትና በላዩ ላይ ይቁሙ። የእግርዎ ጣቶች በግራና በቀኝ ከንጣፉ ጠርዝ አልፈው ከወጡ፣ ጫማው በሮጡ ሰዓት ሁሉ የሚጨምቅዎት ያን ያህል ነው። እግር በረጅም ሩጫ ወቅት ስለሚያብጥ አዲስ ጫማ የሚለካው ጧት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ወይም ከሩጫ በኋላ ነው፤ ከረጅሙ ጣት ፊትም የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተርፍ። ለጊዜው ያለዎትን ጫማ ማሰሪያ ከጣቶቹ አጠገብ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ዘልለው ቢያስሩት የፊተኛው ክፍል ይላላል።

ሌላው የሚረዳው ከጫማ ውስጥ የሚለጠፍ ትንሽ ሞላላ ትራስ ነው። ቦታው ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ የሚያቃጥለው ነጥብ ላይ ከተለጠፈ ሕመሙን ያብሳል። መለጠፍ ያለበት ከዚያ ነጥብ ወደ ተረከዝ በኩል ጥቂት ወረድ ብሎ ሲሆን፣ እንዲህ ሲሆን አጥንቶቹን ከፍ አድርጎ ስለሚለያያቸው ነርቩ ቦታ ያገኛል። በሁለት ወር ውስጥ ካልቀለለዎት በአልትራሳውንድ ይታዩ። መደንዘዙ ግን በሁለቱም እግሮችና በሁሉም ጣቶች ላይ ከሆነ፣ ወይም ሳይሮጡም የሚሰማዎት ከሆነ፣ ጫማውን ትተው በመጀመሪያ የደም ስኳርዎን ያስለኩ።